ኖረንበት የምንሸጠውን ቤት እንዴት እንሥራው?

ጥያቄው፦ «ሲኤምሲ አካባቢ ውስጥ ለውስጥ 200 ካሬ ቦታ አለን። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ቤት ሠርተን ሰባት ስምንት ዓመት እንኖርበትና ከዚያ ሸጠን ወደ ሌላ ልንሻገር አስበናል። እኔ ጂ+2 (ምድሩና ከላዩ ሁለት ወለል) ይሁን እላለሁ። ባለቤቴ ጂ+1 ይበቃናል ትላለች። ለራሳችን ፍላጎት እንሥራው ወይስ ለገዢ? ገንዘባችንን የቱ ላይ ብናውለው ነው ስንሸጥ የሚያተርፈን?»

ወንድሜ፣ ሳትቆፍር በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁት በአብዛኛው አዲስ አበባ ውስጥ መኖሪያ ቤት ነው። ወደ እኔ የሚመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ ሶሌታው (የፎቁ የአርማታ ወለል) ከተሞላ፣ ብሎኬቱ ከቆመ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ልረዳው የምችለው ነገር ትንሽ ነው። አንተ ገና ሁሉም ነገር በእጅህ ነው።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገርህ። ገዢው ቤቱን ከገዛ በኋላ ሊቀይራቸው የማይችላቸው ነገሮች አሉ፤ ሰነዱ፣ መሠረቱ፣ ስትራክቸሩ (ቤቱን የሚሸከመው የአርማታ አጥንት)፣ የክፍሎቹ አቀማመጥ፣ ብርሃኑ፣ ውኃው። ገንዘብህንም ጭንቀትህንም እዚያ ላይ አውለው። ቀለም፣ ሴራሚክ፣ ኮርኒስ፣ መብራት፣ ቁም ሳጥን ግን ገዢው በራሱ ጊዜ የሚለውጣቸው ናቸው። እነሱን ለናንተ ኑሮ እንዲመቹ አድርጋችሁ ሥሩ፣ ይመለስልናል ብላችሁ ግን አታውጡባቸው።

መጀመሪያ ግን «ትርፍ» የምትለውን ነገር እንይ። ሰው ቤቱን በሦስት ሚሊዮን ሠርቶ በአሥራ ሁለት ሚሊዮን ሲሸጥ ሦስት እጥፍ አተረፍኩ ይላል። በዚያው ገንዘብ እዚያው ሰፈር ተመሳሳይ ቤት ልግዛ ቢል ግን አይበቃውም። ታዲያ አተረፈ ይባላል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ሴራሚኩ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ የሻወር ዕቃው፣ ሊፍቱ፣ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ አብሮ ተነሣ። የነባር ቤቶች ዋጋም እንደዚያው። ይህን ባለቤቱ ያገኘው ትርፍ አድርጎ መቁጠር ትክክል አይመስለኝም፤ ያው ቤት በብር ሲለካ ቁጥሩ ጨመረ እንጂ።

ስለዚህ ትርፍህን በብር አትለካው። «ይህን ስሸጥ ምን እገዛበታለሁ?» ብለህ ለካው። ከባለቤትህ ጋር ተቀምጣችሁ መጀመሪያ መነጋገር ያለባችሁ ስለ ጂ+1 እና ጂ+2 አይደለም፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ወዴት እንደምትሄዱ ነው። እዚሁ ከተማ ሰፋ ያለ ግቢ የምትገዙ ከሆነ የሚገዛውም ቤት በእኩል ስለሚወደድ የምታተርፉት ልዩነቷን ብቻ ነው። ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር የምትሄዱ ከሆነ፣ ወይም አነስ ያለ አፓርታማ ገዝታችሁ በቀረው ሥራ የምትጀምሩ ከሆነ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ እውነትም በእጃችሁ የሚቀር ገንዘብ አለ።

ሌላም ነገር ልጨምር። ግድግዳ ያረጃል። ዋጋው የሚያድገው ቦታው ነው፣ ማለትም የአካባቢው መንገድ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ትራንስፖርቱ። የቤትህን የመጨረሻ ዋጋ የሚወስኑልህ ጎረቤቶችህ ናቸው። ዙሪያህ ያሉት ቤቶች መካከለኛ ከሆኑ አንተ ብቻህን ቤተ መንግሥት ብትሠራ ገዢው የሚከፍልህ የሰፈሩን ዋጋ ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው። በሰፈሩ ካሉት ጥሩ ቤቶች መካከል እንዲቆጠር ሥራው፣ ከሁሉም በላይ እንዲሆን ግን አታስብ።

ወደ ሰነዱ እንምጣ። አሰልቺ ነው፣ ግን ብዙ ሽያጭ ሲበላሽ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ካርታው ላይ የተጻፈውን ካሬ ከአጥርህ ጋር አስለካ። አጥሩ ከካርታው አሥር ካሬ ወጣ ብሎ ከሆነ አሁን ነው ማወቅ ያለብህ። ከዚያ የፕላን ስምምነት ጠይቅ። ቦታህ በከተማው ፕላን ላይ ለምን እንደተመደበ፣ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድ፣ መንገድ የሚሰፋ ከሆነ ከየት እስከ የት እንደሚነካህ የምታውቀው ከዚያ ነው። ከ2016 ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ስንት ቦታ እንደነካ አይተሃል። ዋና መንገድ ዳር ባትሆንም «ውስጥ ለውስጥ ነው፣ አይደርስብኝም» ብለህ አትለፈው።

ይዞታህ ሊዝ (ከመንግሥት በውል ለተወሰነ ዘመን የተያዘ) ይሁን ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) አልጻፍክም። ሊዝ ከሆነ ግንባታ የምትጀምርበትና የምትጨርስበት ቀን ውልህ ላይ አለ፣ ዓመታዊ ክፍያውም እንዲሁ። ደግሞም በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ መብቱን ለሚያስተላልፍ ሰው ሙሉውን ጥቅም አልፈቀደለትም። የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከሊዙ የመተላለፊያ ዋጋ አምስት በመቶ ይወስዳል፣ የቀረው ለመንግሥት ነው። «ካልተሳካልኝ መሠረቱን አውጥቼ እሸጠዋለሁ» የሚል ሐሳብ ካለህ ውልህንና በሥራ ላይ ያለውን ሕግ በደንብ አንብብ።

የግንባታ ፈቃድ ስታወጣ በፈቃዱ ላይ ያለውን ሥራ። አንድ ደንበኛዬ ፈቃዱ ላይ ሰርቪሱ (ከዋናው ቤት የተለየው የማዕድ ቤትና የሠራተኛ ቤት) ባለ አንድ ፎቅ ነበር፣ እሱ ሁለት አደረገው፣ የላይኛውን በረንዳም ዘግቶ መኝታ ክፍል አወጣ። ለመኖር ምንም ችግር አልነበረውም። ሊሸጥ ሲል ግን የገዢው ጠበቃ ፕላኑን ይዞ መጣና ክፍል በክፍል አስተያየው። ሽያጩ ስምንት ወር ተጎተተ። በመጨረሻ ሰውየው ዋጋ ቀንሶ ነው የተገላገለው። ማሻሻል ከፈለግህ ማሻሻያ ፈቃድ አውጣ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ከስምንት ወር አይበልጥም።

አሁን በጣም የማስብበት ነገር ላይ ደረስን፤ አፈሩ። ሲኤምሲ፣ አያት፣ ቦሌ፣ ለቡ እያልክ ወደ አቃቂ ስትወርድ ብዙ ቦታ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በጋ ላይ ቦታህን ሄደህ እየው፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ካየህ ነገሩ ገብቶሃል ማለት ነው። ሰው ሁሉ «ፉቲንጉን ጥልቅ አድርጌዋለሁ» ይለኛል፣ የምሰሶውን እግር ማለቱ ነው። ጥሩ ነው። ግን የሚረሳው የታችኛውን ወለል ነው። ኮለኖቹ (ምሰሶዎቹ) ጠንካራ አፈር ላይ ቆመዋል፣ ወለሉ ግን የተቀመጠው በዚያው በጥቁሩ አፈር ላይ ነው፣ ወይም ተቆፍሮ የወጣው ጥቁር አፈር ተመልሶ ለሙሌት ተደርጓል። ሁለት ክረምት ሲያልፍ ወለሉ ወደ ላይ ይገፋል፣ ሴራሚኩ ይነሣል፣ በሩ አልዘጋ ይላል፣ የውስጥ ግድግዳ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ይወጣል። ገዢ ይህን ሲያይ ስለ ዋጋ አያወራም፣ ወጥቶ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን እሄዳለሁ።

ስለዚህ ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ከግቢው ይውጣ። በምትኩ ሰሌክት ማቴሪያል (የማያብጥ የተመረጠ አፈር) በስስ በስሱ እየተነጠፈ፣ ውኃ እየጠጣ፣ በደንብ እየተጠቀጠቀ ይሞላ፣ ከላዩ ሃርድኮር (ድንጋይ) ይደርደር። ምን ያህል ጥልቀት እንደሚወጣ አፈሩን ያየ መሐንዲስ ይወስን እንጂ ቆፋሪው አይወስን። በቤቱ ዙሪያ ደግሞ ሜትር ያህል ወርድ ያለው፣ ወደ ውጭ ያጋደለ የሲሚንቶ መሄጃ አሠራ፣ የጣሪያ ውኃ ከመሠረቱ ርቆ እንዲፈስ። ባሕር ዛፍም ሆነ ሌላ ትልቅ ዛፍ ከግድግዳ አጠገብ አትትከል፣ ሥሩ ከአፈሩ ውኃ ሲመጥ አንዱ ወገን ይሰምጣል። ለዚህ ሁሉ የምታወጣው ገንዘብ መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ ማንም አያየውም፣ ማንም አያደንቅልህም። ቢሆንም ከዚህ ላይ አትቆጥብ።

ስትራክቸሩንም እንዲሁ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ ፈንታሌ አካባቢ የነበረው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ሰው በሌሊት ከፎቅ ወርዶ ግቢ ሲያድር አይተናል። ከዚያ ወዲህ ቤት የሚገዙ ሰዎች ጥያቄ ተለውጧል። ድሮ «ሴራሚኩ የየት ነው?» ይሉኝ ነበር፣ አሁን «ፌሮው ስንት ቁጥር ነው? ማን ነው ዲዛይን ያደረገው?» የሚሉ ብዙ ናቸው። በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። አንተም መልሱን በወረቀት ያዝለት።

ፌሮ ስትገዛ መዝነው። 12 ቁጥር (12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው) ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ነው፣ አሥራ ሁለት ሜትሩ 10.6 ኪሎ ገደማ መምጣት አለበት። ዘጠኝ ኪሎ ከመጣ 12 ብለው የሸጡልህ 11 ነው ማለት ነው። በፍሬ ስትገዛ በዋጋ ብቻ አይደለም የምትጎዳው፣ መሐንዲሱ ያሰላው ብረት ቤትህ ውስጥ አልገባም። አሸዋ ሲመጣ ደግሞ በመስታወት ጠርሙስ አሸዋና ውኃ አድርገህ በጥብጠህ አሳድረው። ከላይ የሚቀመጠው ጭቃ ከአሸዋው ስድስት በመቶ ካለፈ መልሰው ወይም ይታጠብ። የላንጋኖ ነው፣ የመቂ ነው የሚለውን ስም ብቻ አትመን፣ መኪናው ላይ ያለውን አሸዋ እይ።

አርማታ ሲሞላ ቁም። ካልቻልክ የምታምነው ሰው አቁም። ሠራተኛው እንዲቀለው ውኃ ሲጨምር ነው አርማታ የሚደክመው፣ የአሸዋና የጠጠር መለኪያ ሳጥኑን በትክክል ቆጥሮም ውኃው ከበዛ ዋጋ የለውም። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ውኃ ይጠጣ። ሰባት ቀን ስል ጠዋትና ማታ አንዳንድ ባልዲ ማለቴ አይደለም፣ ጆንያ አልብሰህ ሳይደርቅ ማቆየት ነው። በእሑድና በበዓል ቀን ሳይጠጣ የሚያድር ሶሌታ ስንቱን አይቻለሁ። ዘበኛውን አስተምረውና ለዚህ ሥራው ለብቻ ክፈለው።

አርማታ ከመሞላቱ በፊት የፌሮውን ሥራ ፎቶ አንሣ። እያንዳንዱ ፉቲንግ፣ እያንዳንዱ ቢም፣ ስታፋው (ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀለበት) በስንት ሳንቲ ሜትር ርቀት እንደታሰረ ሜትር አስጠግተህ። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ደግሞ የውኃና የመብራት መስመሩን ግድግዳ በግድግዳ ቪዲዮ ቅረጽ። ገንዘብ አያስወጣህም። ስትኖርበት ሥዕል ለመስቀል ስትቦረቡር ቧንቧ አትበሳም፣ ስትሸጥ ደግሞ ለገዢው ፋይሉን ትሰጠዋለህ። ሁለት ተመሳሳይ ቤት አይቶ አንዱ ይህ ፋይል ካለው የትኛውን እንደሚመርጥ አትጠራጠር።

አሁን ወደ ክርክራችሁ። ጂ+1 ወይስ ጂ+2? ባለቤትህ ትክክል ናት፣ አንተም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትክም። 200 ካሬ ላይ መኪና ማቆሚያውን፣ ሰርቪሱንና የአየር ማለፊያውን ስታወጣ ለዋናው ቤት መቶ ካሬ ገደማ መሬት ይቀርሃል። በሁለት ወለል 200 ካሬ ማለት ነው። ለአራት ሰው፣ ለእንግዳና ለሠራተኛ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ሦስተኛውን ወለል ብትጨምር ስምንት ዓመት ሙሉ የማትገቡበትን ክፍል ትጠርጋላችሁ። ከዚህ የሚብሰው ግን ገንዘቡ ነው። ሰው ጂ+2 ብሎ ይጀምርና ስትራክቸሩ ላይ ብሩ ያልቅበታል። ፊኒሺንግ (ልስን፣ ሴራሚክ፣ ቀለምና የመሳሰለው የማጠናቀቂያ ሥራ) የስትራክቸሩን ያህል፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ እንደሚፈጅ አያስብም። ከዚያ ብሎኬቱ ሳይለሰን ዓመታት ይቆማል፣ እዚያው ይገባበታል፣ ሲሸጠውም በጅምር ዋጋ ነው።

የእኔ ምክር፦ መሠረቱና ኮለኖቹ ለጂ+2 ዲዛይን ይደረጉ፣ ፈቃዱም ቢቻል ለጂ+2 ይውጣ፣ የምትሠሩትና የምትጨርሱት ግን ጂ+1 ይሁን። በመሠረቱ ላይ የሚጨምረው ወጪ ከጠቅላላው አንፃር ብዙ አይደለም። ደረጃው ወደ ላይ እንዲቀጥል ቦታው ከአሁኑ ይታሰብበት። ለኮለኑ ቅጥያ ወደ ላይ የሚቀረውን ፌሮ ደካማ አርማታ አልብሰው፣ ባዶውን ዝናብ ላይ ከተውከው በጥቂት ዓመት ዝገት ይበላዋል። ሊሸጥ ሲል «ላዩ ላይ አንድ ወለል መጨመር ይቻላል፣ ስሌቱ ይኸው» ብሎ ማሳየት የሚችል ሻጭ ጥቂት ነው። ማከራየት የሚፈልግ ገዢ ለዚያ ወረቀት ይከፍላል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ፈቃዱ ለጂ+2 ወጥቶ ጂ+1 ላይ ስትቆም ክፍለ ከተማው እንዴት እንደሚመዘግበው ቀድመህ በጽሑፍ ጠይቅ፣ የሚፈልጉትን አሟላ።

የክፍሎቹን አቀማመጥ በተመለከተ፣ እዚህ ላይ «ለራሳችን ወይስ ለገዢ?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አያጣላም። የምትሸጡለት ሰው እንደናንተው ያለ ቤተሰብ ነው። እናቱ ከክፍለ ሀገር ይመጣሉ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ደረጃ መውጣት አይችሉም። ስለዚህ ምድር ላይ አንድ መኝታ ክፍልና ከጎኑ ሻወር ያለው መታጠቢያ ቤት ይኑር። በእኔ ግምት አንድ ቤት ቶሎ እንዲሸጥ ከሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ ይህ ይበልጣል፣ ለናንተም ቢሆን እናታችሁ ስትመጣ ትደሰቱበታላችሁ። እንጀራ ይጋገራል፣ በርበሬ ይቁላላል፣ ስለዚህ የውስጥ ኪችኑ ምንም ያህል ቢያምር ሰርቪስ በኩል ጭሱና ሽታው የሚወጣበት ሁለተኛ ማዕድ ቤት ያስፈልጋል። ያ ከሌለ ሴቶቹ ገዢዎች ቤቱን ዞረው ሲጨርሱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «እንጀራ የት ነው የሚጋገረው?» ነው። ግቢው ውስጥ ሁለት መኪና የሚያቆም ቦታ አስፋልት ሳይሆን በንጣፍ ድንጋይ ሥራ፣ ሠርግም ለቅሶም ሲመጣ ድንኳን የሚጣለው እዚያው ነው።

ሳሎኑን እስከ ላይኛው ወለል ጣሪያ ድረስ ክፍት የማድረግ ፋሽን አለ። ፎቶ ላይ ያምራል። ነገር ግን መቶ ካሬ ወለል ላይ ሠላሳ ካሬ አየር መተው ማለት ሁለት መኝታ ክፍል መጣል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ማታ ትቀዘቅዛለች፣ ያ ሁሉ አየር አይሞቅም። ልጆቹ ላይ ሆነው የቴሌቪዥኑን ድምፅ እየሰሙ አያጠኑም። እኔ ብሆን አልሠራውም።

ብርሃን ላይ አርክቴክትህን አጥብቀህ ጠይቀው። እዚህ ከተማ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ማለትም ብርዱ በሚጠነክርበት ጊዜ ፀሐይ ወደ ደቡብ አጋድላ ነው የምትሄደው። የምትቀመጡበት ክፍል መስኮት ወደ ደቡብ ቢያይ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቤቱ ውስጥ ፀሐይ ይገባል። መኝታ ቤቶቹ ወደ ምሥራቅ ቢሆኑ ጠዋት ይሞቃሉ። ጎረቤትህ ገና ካልሠራ ነገ ጂ+2 አቁሞ እንደሚጋርድህ አስበህ መስኮት አውጣ፤ ዛሬ ባዶ ቦታ ስለሆነ ብቻ በዚያ በኩል ትልቁን መስኮት አታድርግ።

ውኃና መብራት ላይ ብዙ አልልህም፣ ኑሮውን ታውቀዋለህ። ከመሬት በታች የአርማታ ታንከር፣ ላይ ሮቶ፣ መካከል ፓምፕ። ታንከሩን መኪና ማቆሚያው ሥር አድርገው፣ ቦታ አይፈጅም። ከሴፕቲክ ታንኩ ግን በተቻለ መጠን አርቀው። ለምጣድ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይሳብ፣ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፣ ከማቀዝቀዣ ጋር በአንድ መስመር ሲታሰር ነው ገመድ የሚቃጠለው። ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ማግኘት ከቻልክ አግኝ። ከጣሪያ እስከ መብራት መቆጣጠሪያው ባዶ ቱቦ አሳልፍ፣ ነገ ሶላር ማስገባት የፈለገ ግድግዳ አይቦረቡርም።

ስለ ጣሪያ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። አሁን ሁሉም ሰው ጣሪያው እንዳይታይ በፓራፔት (ከጣሪያው ዳር ከፍ ብሎ በሚወጣ አጭር ግድግዳ) ይከልለዋል። ቆርቆሮው ከውስጥ ወደ ተደበቀ አሸንዳ ይፈሳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በረዶ ቀላቅሎ ሲጥል፣ ወይም ቅጠል ሲደፍነው ውኃው የሚሄድበት ስለሌለ ወደ ኮርኒሱ ይወርዳል። ከስልክ ጥሪዎቼ ግማሹ የሚሆነው ክረምት ላይ «ኮርኒሴ ረጠበ» የሚል ነው። ፓራፔት የግድ ካልክ አሸንዳውን ሰፊ አድርገው፣ ቢያንስ ሁለት መውረጃ ይኑረው፣ ከፓራፔቱ ላይ ደግሞ ሲሞላ ወደ ውጭ የሚተፋ ቀዳዳ አውጣለት። እኔን ከጠየቅኸኝ ግን ወጣ ያለ ጣሪያ ይሻላል። ግድግዳውን ከዝናብ ይጠብቃል፣ ቀለሙ ይቆያል፣ ቤቱ በስምንተኛው ዓመትም አዲስ ይመስላል። ኮርኒሱ ላይ ቡኒ የውኃ እድፍ ያለበት ቤት ምንም ብትቀባው ገዢ ያገኘዋል።

ፊኒሺንግ ላይ ባለቤትህ የምትወደውን ይሁን። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሚለጠፈውንና የሚገነባውን ገለልተኛ አድርገው፣ የሚነቀለውን እንደፈለጋችሁ። ወለልና የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ፈካ ያለ፣ ረጋ ያለ ቀለም ይሁን፣ ከተሠራ በኋላ መቀየር ውድ ነውና። መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ የግድግዳ ቀለም ላይ ግን ልባችሁን አትከልክሉት። ስምንት ዓመት ትኖሩበታላችሁ፣ ልጆች ታሳድጉበታላችሁ። ሁልጊዜ «ገዢው ምን ይላል?» እያሉ በራስ ቤት እንግዳ ሆኖ መኖር ተገቢ አይመስለኝም። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቧንቧና ቫልቭ ላይ ግን ርካሽ አትግዛ፣ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ዕቃ ከሚታየው ይበልጥ ጥሩ ይሁን።

ለሙያተኞቹ ስትከፍል በእጅ ዋጋ ብቻ ብትይዝና ማቴሪያሉን ራስህ ብትገዛ ጥራቱን ትቆጣጠራለህ፣ ግን ጊዜህን ይበላል። መሥሪያ ቤት ገብተህ የምትውል ከሆነ ፎርማን ቅጠር፣ ለፎርማኑም ሆነ ለግንበኛው ሥራው ባለቀ ልክ ክፈል፣ ቀድመህ አትክፈል። እያንዳንዱ ደረጃ ሲያልቅ ምን እንደሚታይና ስንት እንደሚከፈል ውሉ ላይ ይጻፍ። ሲሚንቶ ይወደዳል ብለህ አታከማች፣ ከሦስት ወር በላይ ከተቀመጠ ኃይሉ ይቀንሳል። ፌሮ ግን ቀድመህ መግዛት ትችላለህ፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ ሸፍነው።

ብሩ ካጠረህ ሰርቪሱን መጀመሪያ ጨርሰህ ግባበት። ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ነው ያደረገው። ለኪራይ የምታወጣው ወደ ሥራው ይገባል፣ አንተም በየቀኑ ሳይቱ ላይ ነህ።

ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከማይንቀሳቀስ ንብረት ማስተላለፍ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል፣ ጥቅሙ የሚሰላው ደግሞ የሸጥክበት ዋጋ ላይ ወጪህ ተቀንሶ ነው። የኖርክበት መኖሪያ ቤት እንዴት እንደሚስተናገድ ሕጎቹ በየጊዜው ስለሚሻሻሉ በምትሸጥበት ዓመት የግብር ባለሙያ ጠይቅ። የስም ማዛወሪያና የቴምብር ቀረጥም አለ፣ የደላላ ኮሚሽንም አለ፣ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ በግልጽ ይቀመጥ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀውን የንብረት ታክስ ደግሞ በዓመታዊ ወጪህ ውስጥ አስገባው። ሽያጩ በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫ ካልተመዘገበ አይጸናም። ቤቱ የጋራ ሀብታችሁ ስለሆነም ያለ ባለቤትህ ፈቃድ አይሸጥም። ስለዚህ ካርታው ላይ ስሟ ከአሁኑ ይግባ፣ ገዢም ሲያየው ልቡ ያርፋል።

ለጊዜው አርክቴክት ዘንድ አትሂድ። ክፍለ ከተማ ሄደህ የፕላን ስምምነቱን ጠይቅ። ቦታህ ላይ ደግሞ ሁለት ጉድጓድ፣ አንዱን ፊት ለፊት አንዱን ከኋላ፣ ሦስት ሦስት ሜትር ያህል በጥንቃቄ አስቆፍር፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት ይሁን፣ ሠራተኞቹም ጎኑ እንዳይደረመስባቸው ይደገፍ። ጥቁሩ አፈር የት ላይ እንዳበቃና ከሥሩ ምን እንደወጣ ጻፍልኝ። ያን ካየሁ በኋላ ስለ መሠረቱ እንነጋገራለን።